ስሟን የጠራው ብርቱካናማ ቁልፍ

ሬድዮው ሲጮህ አንድ ጥቅል ብረት አየር ላይ አንጠልጥላ ነበር።

የወትሮው ጩኸት አይደለም። ሠራተኛው ሁሉ በሥልጠና ጊዜ እንጂ በእውን ሰምቶት የማያውቀው፣ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስፈነጥር የአደጋ ጥሪ ነው። ክሬኑን አቁማ፣ ደረቷ ላይ ወደተሰካው ሬድዮ አጎንብሳ ስክሪኑን አየች። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከመብራቱ ሥር የጠሪው ስም ተጽፏል።

«ላይኛዋ።»

ላይኛዋ ራሷ ናት። በዚህ የግንባታ ቦታ፣ ከሁሉም በላይ በተሰቀለችው ጠባብ የመስታወት ካቢን ውስጥ ተቀምጣ ታወር ክሬኑን የምታንቀሳቅሰው እሷ ስለሆነች፣ ከዘበኛው እስከ ኢንጂነሯ ድረስ በዚህ ስም ይጠሯታል።

ክው አለች። እጆቿን ተመለከተች፤ ሁለቱም መቆጣጠሪያው ላይ ናቸው። በሬድዮው አናት ላይ ያለውን ብርቱካናማ የአደጋ ቁልፍ አልነካችውም።

«እኔ?» አለች፣ ሰሚ በሌለበት። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ!»

ታች፣ ከላይ ሲታዩ ጉንዳን የሚያካክሉት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሁሉም ሬድዮአቸውን አዩ። ከዚያ ሁሉም ቀና ብለው እሷን አዩ። ከዚያም ሁሉም ወደ ክሬኑ መሮጥ ጀመሩ።

ከሬድዮው ውስጥ ትንፋሽ ይሰማል። የሚቆራረጥ፣ የሚታፈን ትንፋሽ፤ ከበስተኋላው ደግሞ የውሃ ድምፅ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ በእሷ ስም እየታፈነ ነበር።

*

ሬድዮዎቹን ያመጣው ሀሎ ነው።

ሀሎ የሬድዮ ቴክኒሻን ነው። ከመጣ ጀምሮ እቃውን እየሞከረ «ሀሎ፣ ሀሎ» ሲል ስለሚውል ስሙ እንደዚያው ቀረ። እሱም በተራው አዲሶቹን ሬድዮዎች ሲያዘጋጅ፣ በመታወቂያ ስም ፋንታ ሰዉ እርስ በርሱ የሚጠራራበትን ስም አስገባባቸው። «በአደጋ ጊዜ የአባት ስም የሚያስታውስ የለም» ብሎ ነበር። ኢንጂነሯ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፤ በኋላ ግን የእሷ ሬድዮ «እመቤት» በሚል ስም መመዝገቡን ስታይ ሳቀችና ተወችው።

የተዋወቁት ሬድዮ በታደለበት ቀን ነው። ሀሎ ከሠራተኛው ፊት ቆሞ፣ አንዱን ሬድዮ ከፍ አድርጎ ያስረዳል።

«እነዚህ በጎን ያሉት አቋራጭ ቁልፎች ናቸው። የፈለጋችሁትን ሥራ ልሰጣቸው እችላለሁ። በአንዲት ቁልፍ ውስጥ ደግሞ ማክሮ የሚባል ነገር ማስገባት ይቻላል፤ ተከታትሎ የሚፈጸም ትእዛዝ ማለት ነው። እናንተ አንዴ ብቻ ትጫናላችሁ። ሬድዮው ቻናል ይቀይራል፣ ሰውየውን ይጠራል፣ ማይኩን ይከፍታል፣ ሲጨርስ ወደነበረበት ይመለሳል። ሁሉንም ራሱ።»

«እባክህ ልጆቼን እንደዚህ ፕሮግራም አድርግልኝ!» አለ ጋሽ ፉጨት። «አሥር ጊዜ አዝዣቸው አንዱንም አይሠሩም።»

ጋሽ ፉጨት ታች ቆሞ ለክሬኑ ምልክት የሚሰጥ አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ከኋላ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ። እኔ ጓንት አደርጋለሁ። ሁለቱም እጆቼ መቆጣጠሪያው ላይ ናቸው። የቱን ቁልፍ በምኔ ልጫነው?»

ሀሎ የያዘውን ሬድዮ አዟዙሮ አየው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ ሲደረድር፣ እጁ ያልተፈታ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም ነበር። ድንጋጤው ፊቱ ላይ በግልጽ ሲነበብ አንጀቷን በላው።

በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ። «እጅሽን የምታስቀምጪበትን አሳዪኝ» አለ። በሲሚንቶ ከረጢቶች ላይ ተቀምጣ፣ የሌለ መቆጣጠሪያ በአየር ላይ ጨብጣ አሳየችው። የግራ አውራ ጣቷ ለቅጽበት ብቻ ነፃ እንደሚሆን ተመለከተ። ሬድዮውን ደረቷ ላይ፣ ጣቷ ከሚደርስበት ቦታ ላይ የሚይዝ ማንጠልጠያ አበጀላት። ከዚያ ቁልፎቹን እንደገና ሠራቸው።

«ትልቋ ቁልፍ ጋሽ ፉጨትን ትጠራለች። ከሥሯ ያለችው ደግሞ እኔን። ይቺኛዋ ከዋናው ቻናል ወጥታ በሌላ ጸጥ ባለ ቻናል ነው የምትጠራኝ፤ ሥራውን እንዳትረብሽ።»

«አንተን ለምን እጠራለሁ?»

«ሬድዮው ሲበላሽብሽ እንድትነግሪኝ።»

«ከተበላሸ በምን እነግርሃለሁ?»

ጆሮዎቹ ቲማቲም መሰሉ። ቁልፏን ግን አላነሳትም።

ሬድዮው ፈጽሞ አልተበላሸም። እሷ ግን በየቀኑ ብልሽት ማሳወቅ ጀመረች።

«ሀሎ፣ ዛሬ ሬድዮዬ ደህና አይደለም።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። እሱ ነው ችግሩ።»

የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ እኮ ወደ አንቺ እያየሁ ነው» ይላል። «መስታወቱ ያንጸባርቃል። ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

እሷ ግን ታየዋለች። ከላይ ስታየው የራስ ቁሩ አንዲት ነጭ ነጥብ ናት። ነጥቧ ቀና ስትል፣ ከሁሉም ነጥቦች መሀል ለይታ ታውቃታለች።

*

እንቅፋቱ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ የዚሁ ግንባታ ፎርማን ነው። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ታላቋ ብቻ ሳይሆን አሳዳጊዋም ስለሆነ። አባታቸው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚዞር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወጣና በዚያው ቀረ። ታሞ ይሁን፣ ሌላ ቤት ሠርቶ ይሁን ማንም አልነገራቸውም። ወንድሟ ያኔ ገና ጢም አላወጣም። ትምህርቱን ትቶ አካፋ ያዘ፤ እሷን አስተማረ። ክሬን መንዳት እፈልጋለሁ ስትለው ሀገር ምድሩ ሲስቅ እሱ ብቻ አልሳቀም።

ስለዚህ ያለ እሱ እሺታ አታገባም። ለሀሎም ይህንኑ በግልጽ ነግራዋለች። «ጋሼ እንቢ ካለ እንቢ ነው። ፈርቼው አይደለም፤ ለእኔ ሲል ወጣትነቱን ከፍሏል።»

ወንድሟ ደግሞ ነገሩ ገና ሲሸተው ሀሎን ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶ አነጋግሮታል። የተባባሉትን ሀሎ አልነገራትም። ወንድሟ ግን ቤት ሲገባ ለእሷ ምክንያቱን ነግሯታል።

«ሚጡ፣ ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ይህ ሕንፃ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ሥራው ነው። በር በሩን እያየሽ ስታረጂ ማየት አልፈልግም። እናታችንን አይቻለሁ።»

በማግስቱ ግን አውራ ጣቷ ያቺን ቁልፍ አላጣቻትም።

የአደጋው ዕለት ጠዋት ሀሎ ራሱ ጠራት። ድምፁ እንደ ወትሮው አይደለም።

«ዛሬ በምሳ ሰዓት ጋሼን አናግራቸዋለሁ። በግልጽ። እሺ እስኪሉኝ አልነሳም።»

«አንስቶ ሲሚንቶ ማቡኪያው ውስጥ ነው የሚወረውርህ።»

«ይወርውሩኝ። ስወጣ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።»

ሳቀች። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ከላይ ሆና ወንድሟን በዓይኗ ስትከተል ቆየች። ቢጫ የራስ ቁር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ፣ ወደ ሕንፃው ጀርባ፣ ውሃ የሚመጥጠው ፓምፕ ወዳለበት ጥልቅ ጉድጓድ ብቻውን ሲሄድ አየችው። ከዚያ ጋሽ ፉጨት «አንሺ!» አላትና ዓይኗን ወደ ብረቱ መለሰች።

ሬድዮው የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

*

የብርቱካናማዋን ቁልፍ ማክሮ ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ያውቃል። አንዴ ስትጫን የባለቤቷን ስም በሬድዮዎች ሁሉ ላይ ታወጣለች፤ የባለቤቷን ማይክ ትከፍታለች፤ ሰው ደርሶ እስኪያጠፋት ድረስ ዋናውን ቻናል ለማንም አትለቅም። ለተቀበረ ወይም እጁ ለተያዘ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው።

አሁን ያው ደግነት ገመድ ሆኖ አነቃት።

«ደህና ነኝ! እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። ሬድዮው «ጢጢጢ» ብሎ ከለከላት። ቻናሉ ተይዟል። እጇን በመስታወቱ በኩል አወዛወዘች። ታች ያሉት እጇን አዩ፤ አድኑኝ ያለች መሰላቸው። ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው ሮጡ።

ከመሀላቸው አንዲት ነጭ ነጥብ ተነጥላ ወጣች። የክሬኑን መሰላል ያዘች። መውጣት ጀመረች።

«አንተ!» አለች። ሀሎ ነው። ቀበቶ አላደረገም። ጓንት የለውም። በዝናብ የረጠበ የብረት መሰላል ላይ እንደ ዕብድ ይወጣል።

ትንፋሹ ከሬድዮው ውስጥ ደከም አለ። ያኔ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከውሃው ድምፅ ጀርባ «ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ» የሚል አለ። ሞተር። በዚህ ግንባታ ላይ እንደዚያ የሚል ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ፓምፑ።

ዞራ ወደ ሕንፃው ጀርባ አየች። የጉድጓዱ አንድ ጎን ቅርጹን ቀይሯል። ጠዋት ቀጥ ያለ ግድግዳ የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ቡናማ አፈር ተዘርግቷል። ቢጫ የራስ ቁር በአካባቢው የለም። አንድም ሰው ወደዚያ አያይም። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ እሷ እየሮጠ ነው።

«ጋሼ!» አለች።

ጣቷ ከእሷ ቀድማ አሰበች። ከትልቋ ቁልፍ ሥር ያለችውን ተጫነች። ሬድዮው ከተያዘው ቻናል ወጥቶ፣ ጸጥ ወዳለው ገባ፤ አንድ ሰው ብቻ ጠራ።

መሰላሉ መሀል ላይ ነጯ ነጥብ ቆመች።

«አንቺ ነሽ?» አለ ሀሎ። «አለሽ? ተናገሪ!»

«አለሁ! ምንም አልሆንኩም! ስማኝ፣ የፓምፑ ጉድጓድ ተንዷል። ጋሼ እዚያ ውስጥ ነው!»

«ግን እኮ የአንቺ ስም ነው...»

ነጯ ነጥብ ወደ ጉድጓዱ ዞረች።

«ወይኔ» አለ። «መለዋወጫውን ሬድዮ ነው የወሰዱት። ትናንት ያንቺን ሬድዮ እንዳለ ገልብጬበት ነበር። ቁልፎቹን፣ ማክሮዎቹን፣ ሁሉንም። የመታወቂያ ቁጥሩን አልቀየርኩትም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ውረድ! ሀሎ፣ ውረድ!»

የወረደበትን ሁኔታ ያዩ ሰዎች ወደቀ ብለው ነበር። በመዳፉ ብረቱን ይዞ ተንሸራተተ እንጂ በእግሩ አልረገጠም። መሬት ሲነካ፣ ወደ ላይ ያንጋጠጡትን ሁሉ በክንዱ እየገፈተረ «ጉድጓዱ! ጉድጓዱ! ፎርማኑ ነው!» እያለ እግሬ አውጪኝ አለ። ሕዝቡ ለአንድ አፍታ ደንዝዞ ቆመ። ከዚያ እንደ ጎርፍ ተከተለው።

*

ወንድሟ እስከ ደረቱ ተቀብሮ ነበር። ከተሰበረ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ወደ አገጩ እየቀረበ ነው። ሬድዮው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከእጁ ጋር ተጣብቋል። ሀሎ ከሁሉም ቀድሞ ዘለለና ገባ፤ ራሱን ቀና አድርጎ ያዘለት። ሌሎቹ በአካፋም በእጅም አፈሩን ይዝቁ ጀመር።

ላይኛዋ ያን ጊዜ ብረቱን አስቀምጣ፣ ሰው የሚነሳበትን የብረት ሳጥን አንጠልጥላ ወደ ጉድጓዱ እየዞረች ነው። ሀሎ የአደጋ ጥሪውን ስላጠፋው ቻናሉ ተለቋል። ግን ከካቢኗ ሆና የጉድጓዱን ጠርዝ እንጂ ውስጡን አታይም።

«ልጄ፣ ከዚህ በኋላ እኔም አይታየኝም» አለ ጋሽ ፉጨት። ድምፁ ተሰብሯል። «ከውስጥ ያለው ይምራሽ።»

ከውስጥ ያለው ሀሎ ነው።

«እሰማሻለሁ» አለ። «ዝቅ። ዝቅ። ቀስ... ትንሽ ወደ ግራሽ።»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«የእኔም። ግድ የለም፣ አብረን እንንቀጥቀጥ። ዝቅ በይ። አንድ ክንድ ቀረሽ። ግማሽ። ቁሚ!»

ቆመች።

«ገብተዋል። እግራቸውን ክፉኛ ተጎድተዋል። አሁን አንሺ፣ ግን ሕፃን እንደምታነሺ።»

አነሳች። ሳጥኑ ከጠርዙ በላይ ብቅ ሲል ከጭቃ የተሠራ የሚመስል ሰው በውስጡ አየች። ጭቃው እጁን አነሳ። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ መቆጣጠሪያውን ሳትለቅ።

*

ከመሰላሉ ስትወርድ ወንድሟን አምቡላንስ ወስዶታል። ሀሎ በሰው መሀል፣ በኢንጂነሯ ፊት ቆሟል። መዳፎቹ ተልጠው ይደማሉ።

«የአንዱን ሬድዮ ቅንብር ወደ ሌላው ስንገለብጥ መጨረሻ ላይ የምንቀይረው የመታወቂያ ቁጥር አለ» ይላል። «ካልተቀየረ ሁለቱ ሬድዮዎች አንድ ሰው ይሆናሉ። እኔ አልቀየርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የማንም አይደለም።»

ኢንጂነሯ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ፉጨት «ምነው ልጄ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ሀሎ ዞሮ አያት። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ።

«እንዳትጠጋኝ» አለች። «ወንድሜ ሲጮህ የወጣው የእኔ ስም ነው። ሰው ሁሉ እሱን ጥሎ ወደ እኔ ሲሮጥ ከላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ገባህ? ቁጭ ብዬ አየሁ!»

ሀሎ የተላጡ እጆቹን ወደ ጎኑ አወረደ።

በዚያው ቀን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታገደ።

ወንድሟ እግሩ ተሰብሮ፣ ጎኑ ተቀጥቅጦ፣ ግን ነፍሱን ይዞ ቤት ገባ። እሷም ወደ ካቢኗ ተመለሰች። አንድ ቀን ሥራ መሀል አውራ ጣቷ በልማድ ሄዳ ያቺን ቁልፍ ተጫነች። ሬድዮው በታዛዥነት ቻናል ቀየረ፣ ጠራ፣ ጠበቀ። ከዚያ መልስ የለም የሚለውን አጭር ድምፅ አሰማና ወደነበረበት ተመለሰ።

በዚያ ባዶ ድምፅ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አላትና መቆጣጠሪያውን ለቀቀች።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን፣ ሥራ ሊለቀቅ ሲል፣ በዚህችው ቁልፍ ጠርታው ነበር። ባትሪዬ እየደከመ ነው፣ ሌላ ሬድዮ ብትሰጠኝ ደግሞ ቁልፎቼን አጣለሁ ብላ ስታማርር፣ «አታጪም፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ወደ መለዋወጫው ሬድዮ እየገለበጥኩልሽ ነው» አላት። ቀጥሎም «አንድ ጊዜ ጠብቂኝ፣ ቁጥር ልቀይር» አለ።

እሷ ምን አለች?

«ቁጥሩ ይደርሳል፤ አሁን እኔን አናግረኝ» ነበር ያለችው።

እሱም አናገራት። ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አታስታውስም። ስቀዋል። ከዚያ መሸና ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። መለዋወጫው ሬድዮ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የማንም አይደለም» ሲል ይህን ያውቅ ነበር። አልተናገረውም።

«ልጄ፣ ምነው ቆምሽ? አሞሻል እንዴ?» አለ ጋሽ ፉጨት ከታች።

*

ማታ እራት ስታቀርብ ለወንድሟ ሁሉንም ነገረችው። ቁልፏን፣ ጥሪውን፣ ቁጥሩን፣ ራሷ ያለችውን። አንዳች አላስቀረችም።

ወንድሟ ሰምቶ ሲጨርስ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

«የኔ ባትሪ ሞቶ ነበር» አለ። «ከቻርጀሩ ላይ ያገኘሁትን መንጭቄ ሄድኩ። ማንን አስፈቀድኩ? ሠራተኞቼን ብቻችሁን ጉድጓድ አትግቡ እያልኩ በየቀኑ እጮሃለሁ፤ ብቻዬን ገባሁ። ለኢንጂነሯም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ይምጣ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? በይ ጥሪው። እሱን መጥራት እንደሆነ በደንብ ታውቂበታለሽ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሀሎ መጣ። መዳፎቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ወንድሟ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ፣ በጀሶ የታሸገ እግሩን ዘርግቷል። እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከአደጋው ቀን ወዲህ ከሀሎ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጡም፤ የመጣውም በጋሽ ፉጨት በኩል መልእክት ደርሶት ነው። ገብቶ ቆመ። ማንም ተቀመጥ አላለውም።

«ከመጋዘኑ ጀርባ ምን ብዬህ ነበር?» አለ ወንድሟ።

«ልናገረው ይላሉ?»

«ንገራት። ትስማ።»

«‹ከእህቴ ጋር ባይህ እግርህን ነው የምሰብረው› ብለውኛል።»

እሷ ደንግጣ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ የተዘረጋ እግሩን አየ። ሀሎም አየው። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም።

«መሰላሉ መሀል ደርሰህ ነበር አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እሷ መስላህ።»

«አዎ።»

«ከዚያ እኔ መሆኔን አወቅህ። በዚያች ሰዓት ያንን የምታውቁት እሷና አንተ ብቻ ናችሁ። ቻናሉ ተይዟል። ከእኔ በቀር ደግሞ መንገድህን የሚዘጋብህ ሰው አልነበረም።»

«አላሰብኩትም» አለ ሀሎ። ከዚያ አጎነበሰ። «ዋሸሁ። አስቤዋለሁ። እዚያ መሰላል ላይ አይደለም፤ እርስዎን ካወጣን በኋላ፣ እጄን ስታጠብ። እኚህ ሰውዬ ቢሞቱ ኖሮ ብሎ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ከጉድጓዱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።»

እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ ይናገራል? አለቀ በቃ፣ አለች በልቧ።

ወንድሟ ዓይኖቹን አፍጥጦ አየው። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው። የተቀጠቀጠ ጎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወይኔ ጎኔን! ወይኔ!» እያለ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ምን ዓይነቱን ዕብድ ነው ያመጣሽብኝ?» አላት። «ይህንን ለእኔ ይነግረኛል?»

«ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?»

ወንድሟ እንባውን ጠረገ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተመልሶ ከበደ።

«ሕንፃው ሲያልቅስ? ወዴት ነህ?»

«ከእገዳው ከተነሳሁ ሌላ ሳይት ይሰጡኛል። የት እንደሆነ አላውቅም። እሷ የምትሠራበት ክሬን ወደሌለበት ግን አልሄድም። ሬድዮ የሚያስፈልገው ሰው እንደሆነ የትም አለ።»

«አባቴም ሲወጣ እንዲሁ ያለ ነገር ይል ነበር።»

«አባታችሁን አላውቃቸውም» አለ ሀሎ። «እኔ የምለው፣ ብቻዬን አልወጣም ነው።»

ወንድሟ እሱን አላየውም። እሷን ነበር የሚያየው። ያ የሚያስፈራው ፎርማን አልነበረም፤ ገና ጢም ሳያወጣ አካፋ የያዘው ልጅ ነበር በዓይኖቹ ውስጥ የቆመው። ራሱን ሁለት ሦስቴ ነቀነቀ። እሺ ይሁን፣ እምቢ ይሁን፣ ለራሱም ገና የገባው አይመስልም።

«እስኪ ወንበር ስጪው» አለ። «ቆሞ አንገቴን አጣመመው።»

እሷ ተነሳች። ከጓዳው ወንበር ይዛ መጣች። የጠያቂ ወንበር ምንጊዜም የሚቀመጠው ከአልጋው አጠገብ ነው። እሷ ግን አልጋውን አልፋ ሄደች። ወንበሩን መስኮቱ ጋ፣ ክንድ ከክንድ እስኪነካ ድረስ ከራሷ ወንበር አስጠግታ አስቀመጠችው። ከዚያ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ ሀሎን ቀና ብላ አየችው።

«ና ተቀመጥ» አለችው።

«እዚያ ነው እንዴ ያስቀመጥሽው?» አለ ወንድሟ ደንግጦ።

«አዎ ጋሼ» አለች። «እዚህ ነው።»